ሙቀት የሚመልስ የመስኮት ሽፋን በጎንደር ቤቶች

ሙቀት የሚመልስ የመስኮት ሽፋን፣ ብርሃን እያሳለፈ የፀሐይን ሙቀት ወደ ውጭ እንዲመልስ በመስታወት ላይ የሚለበጥ ስስ ብረት ወይም የሚለጠፍ ስቲከር ነው። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር በመሆኑ፣ ክፍሉን ብዙ ሳያጨልሙ ሙቀቱን መቀነስ ይቻላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የቀን ፀሐይዋ ብርቱ፣ ሌሊቷ ግን ቀዝቃዛ የሆነ ከተማ ናት። በድንጋይና በኖራ የተገነቡት ነባር ቤቶች ይህን መለዋወጥ በወፍራም ግድግዳቸውና በጠባብ መስኮታቸው ሲችሉት፣ ሰፋፊ የአሉሚኒየም መስኮት የተገጠመላቸው አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፉኛ ይሞቃሉ። በሚያዝያ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሚያዩ መስኮቶች እምብዛም አትገባም፤ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ ዝቅ ብላ እስከ ክፍሉ ውስጥ ድረስ ትዘልቃለች። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የምዕራቡን መስኮት ቢያሸፍን ይበጀዋል።

የተሻለው ሽፋን ፋብሪካ ውስጥ የሚለበጠው የብር ንጣፍ ነው። ተራ መስታወት ሙቀትን በጨረር የማመንጨት አቅሙ ከ0 እስከ 1 በሚደርስ መለኪያ 0.84 ገደማ ሲሆን፣ ጥሩ የብር ልባጥ ይህን ከ0.05 በታች ያወርደዋል፤ በዚህም የተነሳ ሌሊት የቤቱ ሙቀት በመስኮት እንዳያመልጥ ያግዛል። ልባጡ እርጥበት ስለሚያበላሸው በሁለት መስታወቶች መካከል ታሽጎ ይገጠማል፤ ዋጋው የሚንረውም ለዚህ ነው።

ስቲከሩ ግን ባለው መስኮት ላይ ይለጠፋል። መስታወቱ በደንብ ታጥቦ ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጭበታል፤ ስቲከሩ ከተነጠፈ በኋላ ውሃው በላስቲክ መጥረጊያ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይገፋል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ብትቀር እንደ ብጉር አብጣ ትታያለች። አንጸባራቂው ዓይነት ቀን ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይታይ ቢያደርግም፣ ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ስለሚገለበጥ መጋረጃ አይቀርም። ተራው ስቲከር የታኅሣሥንና የጥርን የሌሊት ብርድ አይከላከልም።

ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ከመስኮቱ ይልቅ ጣሪያው ስለሚያሞቅ፣ ወጪው በቅድሚያ ለኮርኒስ ቢውል ይሻላል። ኤሲ ባላቸው ሆቴሎችና ቢሮዎች የሽፋኑ ጥቅም በመብራት ቆጣሪው ላይ ይታያል፤ ኤሲ በሌላቸው መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ጥቅሙ፣ ከሰዓት በኋላ ያለ ቬንትሌተር የሚያስቀምጥ ሳሎን ማግኘት ነው።