ፕራይሚንግ ምንድን ነው? ሞተሩ ተነስቶ ውሃው ሲቀር

ሞተሩ በአንድ ስቦ ይነሳል። ድምፁም ደህና ነው። ቤንዚኑ ይነዳል፣ ከቱቦው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ከመቂ እስከ ፎገራ በቤንዚን ፓምፕ የሚያጠጣ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡሬተሩ ነው። ካንዴላው ይፈታል፣ መካኒክ ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም። ችግሩ ፓምፑ ውስጥ የገባው አየር ነው።

ፕራይሚንግ ማለት ሞተሩን ከማስነሳት በፊት የፓምፑን ሆድ በውሃ ሞልቶ አየሩን ማስወጣት ነው። ከላይ ያለው ክዳን ይከፈታል፣ እስኪሞላ ውሃ ይጨመራል፣ ክዳኑ መልሶ ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባው ሰው ግን የፓምፕ ጥገና ግማሹ ገባው ማለት ነው።

ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አይስብም። ሆዱ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ መዘውር አለ። በደቂቃ እስከ 3,600 ጊዜ ያህል እየዞረ ውሃውን ወደ ዳር ይወረውረዋል። ውሃው ሲወረወር መሃል ላይ ግፊቱ ይቀንሳል። ያኔ የወንዙን ወይም የሐይቁን ፊት ከላይ የሚጫነው አየር ውሃውን በቱቦው ገፍቶ ያስገባዋል። አሁን ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው እንበል። አየር ከውሃ 800 ጊዜ ገደማ ይቀላል። ኢምፔለሩ ቢወረውረውም የግፊቱ ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ውሃው ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ካርቶኑ ላይ «ሰልፍ ፕራይሚንግ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። በራሱ ይሞላል ማለት ይመስላል። አይደለም። ሆዱ በሰው እጅ ከተሞላ በኋላ፣ ያንን ውሃ እያዞረ በመምጠጫው ቱቦ ያለውን አየር ቀስ በቀስ ያስወጣል ማለት ነው። ረጅሙን ቱቦ እስከ ጫፉ ከመሙላት ይገላግላል። ሆዱን ከመሙላት ግን አይገላግልም።

ደረቁን ማስነሳት የሚያባክነው ቤንዚን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ፓምፑና ሞተሩ በሚገናኙበት ዘንግ ላይ ሜካኒካል ሲል የሚባል ዕቃ አለ። ሁለት እጅግ የለሰለሱ ቀለበቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ነው። አንዱ ይዞራል፣ ሌላው ይቆማል፣ ስፕሪንግ ደግሞ አጣብቆ ይይዛቸዋል። በመሃላቸው የሚገባ በጣም ስስ ውሃ ያቀዘቅዛቸዋል። ውሃ ከሌለ ደረቅ ለደረቅ ይፋተጋሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይግላሉ። የባሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ለካ ውሃ አልሞላሁትም!» ተብሎ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል። የጋለ ሴራሚክ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ደረቁን መነሳቱ ከታወቀ ሞተሩን ማጥፋት፣ በእጅ ተነክቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከዚያ መሙላት ነው።

የሜካኒካል ሲሉ መበላት ከውጭ ይታወቃል። ፓምፑና ሞተሩ ከሚጋጠሙበት ሥር ውሃ ያንጠባጥባል። ይህ ዕቃ ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ዛሬ ነገ እያሉ ማሳደሩ ነው የሚያከስረው። ውሃው ዘንጉን ተከትሎ ወደ ሞተሩ ከዘለቀ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ እንዲህ ያለ ዘይት ከታየ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ሆዱ ተሞልቶም ውሃ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ አየር በመምጠጫው ቱቦ በኩል እየገባ ይሆናል። ይህ ቀዳዳ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም አያንጠባጥብም። በመግፊያው፣ ማለትም ውሃው በሚወጣበት ቱቦ በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ ይረጫል፣ ወዲያው ይታያል። በመምጠጫው በኩል ያለው ግን ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ ውሃ ወደ ውጭ አይሰጥም። ምልክቱ መውጫው ላይ ነው፦ ውሃው ይቆራረጣል፣ አረፋ ይቀላቀልበታል። መጀመሪያ የሚታየው የመገጣጠሚያው ጎማ ነው። ይህቺ ጎማ ወድቃ በቦታዋ ፌስታል ተጠቅልሎ ማየት የተለመደ ነው። ፌስታሉ ለአንድ ቀን ያገለግል ይሆናል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ በማሰሪያ መጨረስ እጅግ ይሻላል።

ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ ካልታወቀ፣ ሞተሩ እየሠራ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ውሃ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው። ቀዳዳው ላይ ሲደረስ በአየር ፋንታ ውሃ ስለሚገባ፣ ሲቆራረጥ የነበረው አፍታ ቀጥ ይላል። እዚያ ነው።

የቱቦው አጣጣልም ራሱን የቻለ ነገር ነው። መምጠጫው ቱቦ ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ። መሃል ላይ ጉብ ካለ አየር እዚያ ይተኛል። በመምጠጫው ጫፍ ያለው ወንፊት ጠልቆ ይቀመጥ፤ ወደ ላይ ከቀረበ ውሃው እየተሽከረከረ አየር ያስገባል። ጭቃ ላይ ደግሞ አይረፍ። ጣና ዳር እምቦጭ ባለበት ወንፊቱን በቅርጫት መክተት ብዙ ድካም ያስቀራል።

የሞተሩ ነገር በአጭሩ። በአብዛኞቹ አነስተኛ ባለ አራት ምት ሞተሮች ዘይቱ ከመጀመሪያው 20 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። የአየር ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ አቧራ ካለ ቶሎ ቶሎ። ለክረምት ሲቀመጥ የካርቡሬተሩ ቤንዚን ይፍሰስ፣ ከቆየ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የፓምፑም ሆድ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ከታች ባለው ቡሽ ይፍሰስ።

አሁን ብዙ ሻጭ ወደማይነግረው ነገር ልምጣ፤ ከፍታ። ውሃውን የሚገፋው አየር ከሆነ፣ አየሩ በሳሳበት አገር ግፊቱም ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል። ይህ ጣሪያ ከአየር ክብደት የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ ያሳየው የጋሊሊዮ ረዳት የነበረው ቶሪቼሊ ነው። ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ 10.3 የነበረው ወደ 8.3 ይወርዳል። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ 2,800 ሜትር ላይ፣ 7.3 ቢሆን ነው። ይህም በወረቀት ነው፤ በቱቦውና በመገጣጠሚያው የሚባክነው ገና አልተቀነሰም። ፓምፑ ላይ «8 ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ዳር 6፣ ደብረ ብርሃን 5 ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሞተሩም ራሱ በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ስለዚህ ፓምፑ ወደ ውሃው ይጠጋ፣ ርቀቱና ዳገቱ ለመግፊያው ቱቦ ይተው። ወንዝ ዳር አፉ ክፍት የሆነ ደረጃ ቆርጦ ፓምፑን ማውረድ ይቻላል።

ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። በጋው ሲገፋ ውሃው ይሸሻል፣ ፓምፑ አልደርስበት ይላል። ያኔ አንዳንዱ ፓምፑን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል፣ ወይም ግድግዳው ላይ መደብ ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ሥራው ግን ሰው ይገድላል። የቤንዚን ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉድጓድ ውስጥ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ እዚያው ይቆያል። ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደው ይወድቃል፤ እሱን ሊያወጣ የወረደውም እንደዚያው። ውሃው ከ6 ሜትር፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ደግሞ ከ5 ሜትር በታች የሸሸ ጉድጓድ የሚፈልገው ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ነው። እሱ እስኪገኝ በባልዲ መቅዳት ነው እንጂ የቤንዚን ሞተር ከጉድጓዱ አፍ በታች አይወርድም።