ሰው የማያየው ጓሮ፦ የሚባለውና እውነታው

ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንዲት ጥግ ይመኛል። ከሥራ መልስ ጫማ አውልቆ የሚቀመጡባት፣ ከትዳር አጋር ጋር ቡና የሚጠጡባት፣ እንግዳም ስልክም ለግማሽ ሰዓት የማይደርስባት። ምኞቱ አለ፣ ጥጓ የለችም። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። ሰምተን ያመንናቸው ነገሮች ናቸው እጃችንን የሚያስሩት። ገሚሶቹ ደግሞ ከጀመርን በኋላ ገንዘባችንን የሚያስበሉ ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። የማወራው ስለ አዲስ አበባና እሷን ስለሚመስሉ ደጋ ከተሞች ነው፤ አዳማ ወይ ድሬዳዋ ያላችሁ ተክሎቹን ከራሳችሁ አየር ጋር አስማሟቸው።

"ሰፊ ግቢ ከሌለ አይሆንም"

ይሆናል። እንዲያውም የሚያስቸግረው ትልቁ ግቢ ነው፤ ሜዳ ላይ መደበቅ ከባድ ነው። ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ያሉ የድሮ ነጋዴዎች ቤቶች ፊታቸው ጠባብ ነው፣ ወደ ውስጥ ግን ይረዝማሉ። መሃላቸው ላይ ጹቦኒዋ የሚሏትን ጓሮ ይተዋሉ። አንዳንዷ ከጥቂት ካሬ ሜትር አታልፍም። ትንሽ ድንጋይ፣ ትንሽ አረንጓዴ፣ የውሃ ገንዳ፣ አለቀ። ለቤቱ ብርሃንና አየር የምታስገባውም እሷ ናት።

እኛ ጋ ይቺን የምታክል ቦታ በየግቢው ተጥላ ትገኛለች። በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መሃል ያለችው መተላለፊያ፣ ሮቶው የቆመባት ጥግ፣ አሮጌ ጎማና የተረፈ ብሎኬት የተከመረባት የቤቱ ጀርባ። 2 ሜትር በ3 ሜትር ለሁለት ወንበርና ለአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃል። ዋናው ነገር ከበር ሲገቡ ወዲያው አለመታየቷ ነው። መሄጃዋን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት፣ መታጠፊያው ላይ ቁጥቋጦ ትከሉ። ዓይን ሁሉንም በአንዴ ካልጨረሰው ትንሹም ቦታ ይሰፋል።

"ግንቡን ከፍ ካደረግኩ ተደበቅኩ"

ይሄ ከሁሉም ውዱ ስህተት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ጎረቤት ጂ ፕላስ 3 ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ አጥሩ ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት መጨመር ነው። ከዚያ ቆርቆሮ። ከዚያ የጠርሙስ ስባሪ ወይ የተጠቀለለ ሽቦ። ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ጎረቤት ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሰሃናችሁ ላይ ያለውን ወጥ ያያል፤ እናንተ ደግሞ እስር ቤት ግቢ የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል።

ነገሩ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። ግንቡ ከወንበራችሁ 10 ሜትር ርቆ 4 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም፣ ከሱ ባሻገር ሌላ 10 ሜትር ርቆ ባለ ፎቅ ላይ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ሰው ቁልጭ አድርጎ ያያችኋል። ከወንበራችሁ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ራቅ ብሎ የተተከለ፣ ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቁጥቋጦ ግን ሰውየውን ይጋርደዋል። መከለያው ወደ መቀመጫው በቀረበ ቁጥር ማጠር ይችላል። ግንበኛ ይህን አይነግራችሁም፤ የሚከፈለው በካሬ ነዋ።

ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበር ይዛችሁ ውጡና ያሰባችሁበት ቦታ ቁጭ በሉ። ቁማችሁ አትዩ፣ ተቀመጡ። ከዚያ የሚታያችሁ መስኮት ሁሉ እናንተንም ያያል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት መስኮት ነው። መጋረድ ያለበት እሱ ብቻ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ አይደለም። ፎቁ በጣም ተጠግቶ ከአናት የሚያይ ከሆነ ደግሞ አራት ቱቦላሬ አስቁማችሁ ላዩ ላይ ሽቦ ወጥሩና ሐረግ ልቀቁበት። ፓሽን ፍሩት ቶሎ ይሸፍናል፣ ፍሬም ይሰጣል። የወይን ሐረግም ይሆናል፣ ትዕግሥት ካላችሁ።

ግንብ ነፋስ ያቆማል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ድፍን ግድግዳ ያጋጠመው ነፋስ ይዘለውና ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳል። የቅጠል አጥር እያሳለፈ ያደክመዋል። አጥራችሁ የፈረንጅ ጽድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ከርካሚው ሰውዬ በአንዴ ጨክኖ ቅጠል የሌለው ቡናማ ቅርንጫፍ ድረስ ከገባ እዚያ ቦታ ላይ መልሶ አያቆጠቁጥም። ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ነው የሚከረከመው።

"ቶሎ የሚደርስ ባህር ዛፍ ነው"

ቶሎ መድረሱ እውነት ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው አዲሲቱ ከተማ ማገዶ አልቆባት ነበር። ለማገዶና ለአጣና ዛሬም ውለታው አለብን። ለጓሮ ግን አይሆንም። ውሃውን ይመጠዋል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስጠጋም። ደግሞም ቅጠሉን ይዞ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓይናችሁ ትይዩ የሚቀረው ግንዱ ብቻ ነው። በግንድ መሃል ሁሉም ይታያል።

ቀርከሃ ያምራል፣ ነፋስ ሲነካው ድምፁም ደስ ይላል። የደጋው ቀርከሃ ግን ከመሬት በታች እየሮጠ ከተተከለበት ቦታ ይወጣና ጎረቤት ግቢ ብቅ ይላል። በግማሽ በርሜል ውስጥ ትከሉት። የወፍ ቆሎን ለአጥር የምትመክሩ ሰዎችም አላችሁ። እባካችሁ። ወፍ ዘሩን በየቦታው ይበትነዋል፣ ወራሪ ነው፣ ለከብትም መርዝ ነው።

"ፍቅር ያለበት ጓሮ ማለት ቀይ ጽጌረዳ ነው"

ይሄን ያመጣው የሠርግ ፎቶ ይመስለኛል። ልብ ቅርጽ ያለው ብረት፣ ቀይ አበባ፣ ነጭ መጋረጃ፣ አንዳንዴም የፕላስቲክ ሐረግ። ለፎቶ ጥሩ ነው። ለመቀመጥ ግን ብዙም አይጠራም፣ ምክንያቱም ሽታ የለውም። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከዝዋይ ወደ አውሮፓ የሚላከው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ እንዲቆይና ማስቀመጫ ውስጥ ቶሎ እንዳይጠወልግ ተብሎ የተዳቀለ ነው። በዚያ መሃል የጠፋው መዓዛው ነው።

እዚሁ አገር ግን የራሳችን ጽጌረዳ አለ። ቀጋ። ሳይንሳዊ ስሟ ራሱ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ነጭ አበባ፣ ደስ የሚል ሽታ፣ ገጠር ያደግን ሰዎች የምናውቀው ቀይ ፍሬ። እሾኋ ጠንካራ ነው፣ ድጋፍ ካገኘች ትወጣለች። ግንብ ሥር ስትተከል የጠርሙስ ስባሪ የሚሠራውን ሥራ ትሠራለች፣ ያውም እያበበች። ችግሯ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች ጋ እምብዛም አትገኝም፤ እነሱ ገዢ የሚጠይቀውን ነው የሚያፈሉት። ጠይቁ እንግዲህ።

ጠምበለልም አለች። የጃስሚን ዘር የሆነች ሐረግ ናት፣ አበባዋ ነጭ ነው። ማምሻውን ሽታዋ ከሩቅ ይጠራል። ሥራ ውሎ አመሻሽ ላይ ብቻ ጓሮውን ለሚያገኘው ሰው ነጭ አበባ ከቀይ ይሻላል። ፀሐይ ስትገባ ቀዩ ቶሎ ይጠቁራል፣ ነጩ ግን ለብዙ ጊዜ ይታያል።

"ቡጋንቪሊያ እንዲያብብ ውሃ በደንብ ይጠጣ"

በተቃራኒው። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃና ፍግ ካበዛችሁበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ፀሐይ ስጡትና ትንሽ አስጠሙት። ያ ደማቅ ቀለም በነገራችን ላይ አበባው አይደለም፣ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።

"ጎመንና እንሰት ውበት ያበላሻል"

ጌዴኦ ሄዳችሁ እዩ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ተደራርቦ ቤቱ ውስጡ ይጠፋል። ያ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገበሬው የሚበላውን ነው የተከለው።

እንሰት እንደ መከለያ የሚደርስበት ተክል ጥቂት ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ከታች ጀምሮ የሚሸፍን፣ ደጋውን የሚችል። ዝናብ ሲዘንብበት የሚያሰማውን ድምፅ ደግሞ የሰማ ያውቀዋል። እግር ሥር የሚነካካ ቦታ ላይ ጠጅ ሳር፣ በሶብላ፣ ኮሰረት አድርጉ፤ ስታልፉ ልብሳችሁ ሲነካቸው ይሸታሉ። ጤና አዳም መቀመጫው አጠገብ ትሁን፣ ቡናው ሲቀዳ እጅ ዘርግቶ መቁረጥ ነው። ብቻ በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ ብዙ ስትከረክሟት ፈሳሿ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፤ ጓንት አድርጉ ወይ አመሻሽ ላይ ሥሩት።

"አበባ ምን ይጎዳል?"

ይጎዳል። በከተማችን በብዙ ግቢ የሚታየው፣ ወደ ታች የተዘቀዘቀ መለከት የሚመስለውና ማታ ማታ ሽታው የሚያውደው ትልቅ አበባ ብሩግማንሲያ ይባላል። የአስተናግር ዘመድ ነው፤ ቅጠሉም አበባውም ዘሩም መርዝ ነው። መንገድ አካፋይ ላይ የምናየው ኦሊያንደርም እንደዚሁ። ያልበሰለውን የበሰለውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ያለበት ቤት ሁለቱንም ይተዋቸው።

"ውሃ ካኖርኩ ቢምቢ ይፈላል"

የሚፈላው ውሃው ሲተኛ ነው። ቢምቢ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ አፉ ሰፊ ሸክላ ውስጥ ያኖራችሁትን ውሃ በሳምንት አንዴ ድፍት አድርጋችሁ ቀይሩት። ወፎቹ ይመጣሉ፣ ድምፃቸው ነው የሚፈለገው። ውድ ፏፏቴ አያስፈልግም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዝም የሚል ነገር ነው።

"የተደበቀ ቦታ እባብና ሌባ ይጠራል"

እባብን የሚጠራው አይጥ ነው፣ አይጥን የሚጠራው የእንጨት ክምርና ጥራጊ ነው። እነሱን አንሱ። ለሌባው ደግሞ የቁጥቋጦዎቹን እግር እስከ ጉልበት ድረስ ግለጡት፣ ከሥር የቆመ እግር እንዲታይ። ከኩሽና መስኮት አንድ ቀጭን መስመር ወደ ጥጓ ክፍት ይሁን። ትልቁ ነጭ ፓውዛ ግን አይረዳም፤ ከብርሃኑ ጀርባ ያለውን ጨለማ የባሰ ያጠቁረዋል፣ እናንተንም መድረክ ላይ ያስቀምጣችኋል። አምፖሉ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ቢጫማ መብራት፣ ከወገብ በታች፣ ፊቱ ወደ መሬት። አንድ ወይ ሁለት ይበቃል።

"ክረምት ከተከልኩ ሥራዬ አለቀ"

ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መትከል ልክ ነው። ችግኙ የሚሞተው ግን ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ይቆማል፣ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የቧንቧ ውሃም በፈረቃ ነው። ሥሩ ላይ ገለባ ወይ የረገፈ ቅጠል ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት፣ ግንዱን ብቻ አታስነኩት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ያወርደዋል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይሆናል። ኦሞና በረኪና ያለበት አይሆንም።

"ተከራይ ነኝ፣ ለሰው ግቢ ምን አደክመኝ"

በዕቃ ትከሉ፣ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ ከታች የተበሳ ቆርቆሮ። ጠምበለልም ሎሚም በዕቃ ይኖራሉ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ክብደቱን አስቡ፦ 20 ሊትር ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ 30 ኪሎ ያልፋል። በረንዳው ጫፍ ላይ አትደርድሩት፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጉት፣ ከሥሩም ሰሃን አድርጉ። ውሃው ታች ያለችው ጎረቤት ያሰጣችው በርበሬ ላይ ከተንጠባጠበ ጓሮውም ፍቅሩም እዚያው ያልቃል።