የመርከቧ ሰዓትና የስልክዎ ሰዓት

ከማያሚ ተነስታ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ደሴት በምትቆም የመዝናኛ መርከብ ላይ ነዎት እንበል። «ተሳፋሪ ሁሉ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይመለስ» ተብሏል። በየትኛው ሰዓት? ብዙ ጊዜ በመርከቧ ሰዓት ነው። ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው።

ማያሚ ያለችበት ፍሎሪዳ በመጋቢት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ ኮዙሜል አትነካውም። መርከቧ የማያሚን ሰዓት እንደያዘች ከቀጠለች፣ ሐምሌ ላይ ስልክዎ ወደብ ሲደርስ ራሱን ይቀይርና በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ስልኩ 9 ሰዓት ተኩል ሲል መርከቧ ላይ 10 ተኩል ሞልቷል! ተራ የእጅ ሰዓት ይያዙ፤ ሳይወርዱ በመርከቧ ሰዓት ይሙሉት።

ጉብኝቱን ከመርከቧ ድርጅት ከገዙ፣ ቡድኑ ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ መርከቧ ትጠብቃለች። በራስዎ ከወጡ ግን አትጠብቅም፤ እስከሚቀጥለው ወደብ ያለው ወጪ በሙሉ የእርስዎ ነው። ፓስፖርትዎም አብሮዎት ካልሆነ ጣጣው ይብሳል።

ታዲያ በራስ መውጣት ይቅር? በፍጹም። እዚያው ደሴቱ ላይ ሳን ሚጌል ከተማን መዞር ብዙም አያሰጋም፣ ዋጋውም ይረክሳል። ቱሉም ያለውን የማያዎች (የጥንት የአካባቢው ሕዝብ) ከተማ ፍርስራሽ ለማየት ግን በጀልባ ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያ በመኪና መሄድ አለ። ለዚህኛው የመርከቧን ጉብኝት ብትገዙ እመርጣለሁ።