ክሎዠር፣ ትሬድ እና የጥምቀት ሰሞን ክፍል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዘው ኮድ ከሚጽፉ ልጆች ጋር ስቀመጥ ደጋግሞ የሚነሳ ጭቅጭቅ አለ። አንድን ክሎዠር ለብዙ ትሬድ አንድ ላይ መስጠት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ሁሉም መልስ አለው። ከመልሶቹ ብዙዎቹ ግን ግማሽ እውነት ናቸው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ፕሮግራም ላይ ከውሸት ይከፋል።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ክሎዠር ማለት በተፈጠረበት ቦታ ያሉትን ቫሪያብሎች (ዋጋ የሚያዝባቸውን ስሞች) ይዞ የሚሄድ ፈንክሽን ነው። ስንቁን ቋጥሮ እንደሚወጣ መንገደኛ ቁጠሩት። ጣጣው ያለው ስንቁ ላይ ነው።

ምሳሌያችን አንድ ይሁን። ለጥምቀት ሰሞን የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚያስይዝ ፕሮግራም። ጥር 10 ከተራ ሲደርስ ጎንደር ላይ ክፍል መፈለግ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

«ፈንክሽን ኮድ ነው፣ ኮድ ደግሞ አይቀየርም፤ ስለዚህ ማካፈል ችግር የለውም»

የተሰጠውን ብቻ ተቀብሎ መልስ ለሚመልስ ፈንክሽን ይህ ልክ ነው። የኛ ክሎዠር ግን «ቀሪ» የሚባል ቫሪያብል ከውጭ ይዟል። አንድ ክፍል ሲያዝ ከቀሪው ላይ 1 ይቀንሳል።

መቀነስ አንድ መስመር ስለሆነ አንድ ሥራ ይመስላል። ማሽኑ ግን ሦስት ጊዜ ነው የሚሠራው፦ ያነባል፣ ይቀንሳል፣ መልሶ ይጽፋል። አሁን አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል እንበል። የመጀመሪያው ትሬድ 1 አነበበ። ሳይጽፍ ሁለተኛው ገባና እሱም 1 አነበበ። ሁለቱም 0 ጻፉ። ሁለቱም «ክፍልዎ ተይዟል» የሚል መልእክት ላኩ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፣ ስህተትም አልጻፈም። ከተራ ማታ ግን ሁለት ቤተሰብ ሻንጣ ይዞ አንድ በር ላይ ይቆማል። ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው።

«ክሎዠር ሲፈጠር ዋጋውን ቀድቶ ይይዛል»

በብዙ ቋንቋ አይቀዳም፤ ቫሪያብሉን ራሱን ነው የሚይዘው። ጎላንግ በሚባለው ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ለዓመታት ተቃጥለዋል። በእንግዶች ዝርዝር ላይ ሉፕ ታደርጋላችሁ (አንድ በአንድ ትዞራላችሁ)፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጎሩቲን (የጎላንግ ቀላል ትሬድ) ታስነሳላችሁ፣ ጎሩቲኑ መልእክት ይልካል። ጎሩቲኖቹ ሥራ እስኪጀምሩ ሉፑ አልቆ ይጠብቃቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ የዝርዝሩ የመጨረሻ እንግዳ መልእክት ይጎርፍለታል፣ ሌላው ምንም አይደርሰውም።

በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጎላንግ 1.22 ይህን ቀየረው። አሁን ሉፑ በዞረ ቁጥር አዲስ ቫሪያብል ይፈጠራል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሞጁሉ ፋይል ላይ የተጻፈው የቋንቋ ስሪት ከ1.22 በታች ከሆነ አሮጌው ባሕርይ ይቀጥላል፤ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን) ማደስ ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የተስተካከለው ራሱ ሉፑ የሚያውጀው ቫሪያብል ነው። ከሉፑ ውጭ ያወጃችሁት «ቀሪ» ዛሬም የጋራ ነው።

ፓይተን ላይ የድሮው ነገር እስካሁን አለ። ሉፕ ውስጥ የሉፑን ቫሪያብል የሚመልሱ ሦስት ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ፍጠሩና በኋላ ጥሯቸው፤ ሦስቱም የመጨረሻውን ዋጋ ይመልሳሉ።

«ጃቫ ፋይናል ካልሆነ እምቢ ስለሚል ደህና ነኝ»

ጃቫ 8 ከወጣበት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላምዳ የሚይዘው የአካባቢ ቫሪያብል እንዳይቀየር ይገደዳል። የማይቀየረው ግን ቫሪያብሉ የሚያመለክተው አቅጣጫ ነው። የተያዙ ክፍሎች ዝርዝር ከያዘ ማንም ትሬድ ዝርዝሩ ውስጥ መጨመርና መቀነስ ይችላል። ኮምፓይለሩን ለማታለል ባለ አንድ ሕዋስ አሬይ የሚጠቀሙ ሰዎችም አሉ። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ ችግሩ እንዳለ ይቀመጣል።

«ፓይተን ጊል አለው፣ ጃቫስክሪፕት አንድ ትሬድ ነው፤ ይህ የሌላ ሰው ራስ ምታት ነው»

ጊል በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የፓይተን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ቁልፍ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የፓይተንን የውስጥ አሠራር ነው። «ክፍል አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ቀጥሎ እስክትቀንሱ ድረስ ሌላ ትሬድ መሃል እንዳይገባ አይከለክልም። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ፓይተን 3.13 ደግሞ ጊል የሌለው ስሪት በሙከራ ደረጃ መጥቷል፤ በጊል ላይ ተደግፎ የቆመ ኮድ መደገፊያው እየተነሳ ነው።

ጃቫስክሪፕት ላይ ያለው አጉል መተማመን የባሰ ነው። እውነት ነው፣ ኮዱ አንድ ትሬድ ላይ ይሄዳል። ግን ክፍል መኖሩን አረጋግጣችሁ፣ ክፍያውን በአዌይት (ውጤቱ እስኪመጣ ሌላ ሥራ እንዲያልፍ በሚፈቅደው ትእዛዝ) ጠብቃችሁ፣ ከዚያ ከቀነሳችሁ፣ ክፍያው እስኪመለስ ሌላ ጥያቄ ገብቶ ያንኑ ክፍል ያያል። አንድ ትሬድ ይዛችሁም ሁለት ቤተሰብ በር ላይ ታቆማላችሁ።

«ወርከር ፈንክሽን አልቀበልም አለኝ፤ ባግ ነው»

ወርከር ለብቻው የሚሄድና በመልእክት የሚገናኝ የፕሮግራም ክፍል ነው። እምቢታው ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ጃቫስክሪፕት ላይ በፖስትሜሴጅ (ለወርከር መልእክት በሚላክበት መንገድ) ፈንክሽን ብትልኩ የዳታ ክሎን ስህተት ይመጣል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ሩቢ 3.0 የገባው ራክተርም (የሩቢ ወርከር በሉት) ከውጭ ቫሪያብል የሚነካ ብሎክ ስትሰጡት ገና ሲፈጠር እምቢ ይላል። ሥራን ለብዙ ፕሮሰስ የሚያከፋፍለው የፓይተን መልቲፕሮሰሲንግ ፑልም ላምዳ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ፕሮሰስ መላክ አይችልም። ለኔ ይህ እምቢታ ትልቅ ውለታ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ፈንክሽኑን ትታችሁ መረጃውን ላኩ። ክፍሎቹን አንድ ወርከር ብቻ ይያዝ፤ ሌሎቹ በመልእክት ይጠይቁት።

«ሎክ ካደረግኩ አበቃ»

ሎክ፣ ወይም ሚውቴክስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ ነው። ግን የት ነው ያደረጋችሁት? ክሎዠሩ በተጠራ ቁጥር ውስጡ አዲስ ሚውቴክስ የሚፈጥር ኮድ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ ማንም ማንንም አያስቆምም። ሚውቴክሱ ከክሎዠሩ ውጭ ተፈጥሮ ሁሉም ያንኑ አንዱን መያዝ አለባቸው።

ሌላው ስህተት፣ ማረጋገጡን በአንድ ሎክ፣ መቀነሱን በሌላ ሎክ መከፋፈል ነው። በሁለቱ መሃል ሎኩ ክፍት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይቆለፉ። መልእክት መላኩ ግን ከሎኩ ውጭ ይሁን፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሁሉም ሰው ተሰልፎ እንዳይጠብቅ።

«ራስት ኮምፓይል ካደረገ ምንም አይመጣም»

ራስት የሚባለው ቋንቋ በዚህ ጉዳይ እዚህ ካነሳናቸው ሁሉ ጥብቅ ነው። ለትሬድ የምትሰጡት ክሎዠር የሚይዘው ነገር ሁሉ «ሴንድ» የሚባለውን መስፈርት (ወደ ሌላ ትሬድ ያለ ችግር መሻገር መቻልን) ማሟላት አለበት። አርሲና አርክ አንድን መረጃ ብዙ ባለቤት እንዲጋራው የሚያደርጉ መያዣዎች ናቸው። አርሲ ከያዘ አያልፍም፣ አርክ ከያዘ፣ ውስጡ ያለውም ለብዙ ትሬድ የሚሆን ከሆነ፣ ያልፋል። ግን አርክን ክሎን ማድረግ መረጃውን አይቀዳም፤ የሚጨምረው ባለቤት ነው። መረጃው አንድ ሆኖ ይቀጥላል፣ ለመቀየርም እንደ ሚውቴክስ ወይም አቶሚክ (መሃል ላይ ሳይቋረጥ የሚቀየር ዋጋ) ያለ ነገር ያስፈልጋል። አርክ በያዘ ክሎዠር ላይ «ሙቭ» መጻፍም ባለቤትነት ማስተላለፍ ነው እንጂ ለየትሬዱ ቅጂ ማደል አይደለም።

ራስት የሚከለክለው ሁለት ትሬድ ያለ ሥርዓት አንድ ሜሞሪ እንዳይነኩ ነው። ሎኩን ሁለት ቦታ ብትከፋፍሉት፣ ወይም ሁለት ሎክ በተለያየ ቅደም ተከተል ይዛችሁ ፕሮግራሙ ቆሞ ቢቀር፣ ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቃችሁም።

«ሞከርኩት፣ ምንም የለም»

ላፕቶፓችሁ ላይ አንድ ጊዜ መሮጡ ምንም አያረጋግጥም። የጎላንግ ሬስ መፈለጊያ (ትሬዶች ያለ ሥርዓት አንድ ሜሞሪ ሲነኩ የሚይዘው) ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የሚያየው ግን በዚያ ሩጫ ላይ የተነካውን ኮድ ብቻ ነው። የተከፋፈለ ሎክን ደግሞ ጭራሽ አይናገርም፤ በሱ ዓይን ሁሉም ተቆልፏል። ስለዚህ ፈተናውን ራሳችሁ ጻፉት፦ አንድ ክፍል ብቻ አስቀሩ፣ ሁለት መቶ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ልቀቁበት፣ ስንት «ተይዟል» እንደወጣ ቁጠሩ። ከአንድ በላይ ከወጣ ከተራ ሳይደርስ አስተካክሉት።