ጥቁር ኮሜዲ ምንድን ነው? ይሉኝታ የያዘው ቤትና የማይወጣው እንግዳ

አንድ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጣው ስለ ቤት አቃጣዮች ይጽፋል። ሱቅ በደረቴ መስለው በር ያንኳኳሉ፣ ቆጥ ላይ አሳድሩን ብለው ይለምናሉ፣ ከዚያ ቤቱን ያነዱታል። ሰውዬው ደሙ ይፈላል። «እነዚህንማ መስቀል ነው!» ይላል። ወዲያው የቤት ሠራተኛዋ ብቅ ትልና አንድ ሱቅ በደረቴ በር ላይ እየጠበቀ እንደሆነ ትነግረዋለች።

እዚህ ጋ ተመልካቹ ይስቃል። የሚመጣውን ስላወቀ ነው የሚስቀው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማወቁ ራሱ ይከብደዋል።

ይህ የስዊዘርላንዳዊው ጸሐፊ የማክስ ፍሪሽ «ቢደርማንና ቤት አቃጣዮቹ» የተሰኘ ተውኔት መክፈቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በሬዲዮ ድራማነት ተሰማ፣ በ1958 ደግሞ ዙሪክ ላይ መድረክ ወጣ። ጥቁር ኮሜዲ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ጥቁር ኮሜዲ ሊያስፈራን ወይም ሊያስለቅሰን የሚገባውን ነገር እያሳቀ የሚያሳይ ተውኔት ነው። ሞት፣ ጭካኔና ጥፋት መሐል ላይ ይቀመጣሉ። ሳቁ ግን እነሱን አያቀልላቸውም። ብዙ ሰው በሞት ላይ የሚቀልድ ሁሉ ጥቁር ኮሜዲ ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በሬሳ መቀለድ ቀላል ነው። ጥቁር ኮሜዲ የሚሆነው ሳቁና ፍርሃቱ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ ነው፤ ያሳቀን ነገር ራሱ ወደ ጥፋቱ የሚነዳን ሲሆን። ስሙን በማስለመድ ረገድ ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940 የ«ጥቁር ቀልድ» ጽሑፎችን ሰብስቦ መጽሐፍ አድርጓቸዋል። ነገሩ ግን ከስሙ በፊትም ነበረ።

የማይፈለግ እንግዳ በቀላል ኮሜዲም አለ። ጆርጅ ኮፍማንና ሞስ ሃርት እ.ኤ.አ. በ1939 ባቀረቡት «ለእራት የመጣው ሰው» ውስጥ አንድ ዝነኛ የሬዲዮ ሰው የጋባዦቹ ደጃፍ ላይ በረዶ ያንሸራትተውና ዳሌውን ይሰበራል። ከዚያ ቤቱን ወርሶ ሁሉንም ማዘዝ ይጀምራል። ቤተሰቡ ያርራል፣ እኛ እንስቃለን። ይሁን እንጂ የሚሰበረው የቤተሰቡ ትዕግሥት ብቻ ነው። እንግዳው አንድ ቀን እንደሚወጣ እናውቃለን። በጥቁር ኮሜዲ ይህ ዋስትና የለንም።

ሞተሩ ምንድን ነው? ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ «ምን ይሉኛል» የሚለውን ፍርሃት በሆዱ ይዟል። ታሪኩ እንዲንቀሳቀስ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይሉኝታ ያሰረው፣ ሌላው ይሉኝታ ቢስ። ይሉኝታ ቢሱ በአንዴ ሁሉንም አይጠይቅም። የፍሪሽ እንግዳ ሽሚትስ የሚባል ግዙፍ ሰው ነው፤ ትግል የሚያውቅ። ሲገባ ዳቦ ብቻ ነው የሚለምነው። ዳቦው ሲመጣ፣ ካላስቸገርኩ ቅቤ ቢኖር ይላል። ከቅቤ ወደ አይብ፣ ከአይብ ወደ ሥጋ ይሄዳል። ለአይብ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ዳቦና ቅቤ ሰጥተህማ! መሸት ሲል ሽሚትስ ቆጥ ላይ ነው። በማግስቱ ጓደኛው አይዘንሪንግ ይመጣል። ከዚያ በሌሊት የቤንዚን በርሜሎች እየተንከባለሉ ይገባሉ።

የጥያቄው መጠን እያደገ ይሄዳል፤ የመልሱ ጨዋነት ግን እንዳለ ነው። ሳቁ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሰው ለቅቤ የሚመልሰውን መልስ ለቤንዚን ሲመልስ ያስቃል፣ ያስፈራልም።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። የቤቱ ባለቤት ቢደርማን በርሜሎቹን ሲያይ ይጮኻል፣ ይቆጣል፣ ሊያስወጣቸው ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ፖሊስ ይመጣል። መዳኛው በእግሩ ቤቱ ድረስ መጣለት ማለት ነው። ፖሊሱ በርሜሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ይጠይቃል። ቢደርማን «የፀጉር ሎሽን» ብሎ ይመልሳል። ፋብሪካው የፀጉር ሎሽን ያመርታላ! ማንም አላስገደደውም። ቤቱን ሊያነዱ የመጡትን ሰዎች የሸፈነው ራሱ ባለቤቱ ነው።

ለምን? ፖሊሱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ክኔሽትሊንግ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ ራሱን ማጥፋቱን ሊነግረው ነው። ሎሽኑ የኔም ፈጠራ ነው፣ ድርሻዬን ስጠኝ ብሎ ነበር፤ ቢደርማን ግን አባረረው። ሊያነጋግረው ቤቱ ድረስ ሲመጣም ጋዝ ውስጥ ጭንቅላቱን ይክተት ብሎ በሠራተኛዋ በኩል አባረረው። ሰውዬው የሞተውም በጋዝ ነው። ባሏን ያጣችው ሚስት በኋላ ስትመጣ፣ ያው ለእንግዶቹ የሚቅለሰለሰው ሰው ጊዜ የለኝም ይላታል። ለቀብሩ የላከው የአበባ ጉንጉን እንኳ ተሳስቶ ሪባኑ ላይ «ለማይረሳው ቢደርማን» ተብሎ ይጻፋል።

ተውኔቱ እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። የቢደርማን ጨዋነት ለሁሉም አይደርስም። ለሚፈራው ሰው ይዘረጋል፣ ለማይፈራው ይታጠፋል። ደግነት ብንለው እንሳሳታለን። ፍርሃት ነው፤ ጥሩ ልብስ የለበሰ ፍርሃት። ኅሊናው ንጹሕ ስላልሆነ ፖሊስ ፊት ደፍሮ መናገር አይችልም፣ እንግዶቹም ይህን ያውቃሉ።

ሌሎች ጸሐፊዎች ይህንኑ እንግዳ በሌላ መልክ አስገብተውታል። የፈረንሳዊው ተውኔት ጸሐፊ የሞልየር ታርቱፍ በጸሎተኛነት ተጀቡኖ ይገባና የቤቱን ንብረት ይወርሳል። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1664 ቬርሳይ ላይ እንደታየ ታገደ፣ በነጻነት የታየው በ1669 ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፒንተር ደግሞ በ«የልደት ድግስ» ሁለት ጨዋ ሰዎችን የባሕር ዳር ማረፊያ ቤት ውስጥ ያሳርፋል። ይስቃሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ድግስ ያሰናዳሉ። በመጨረሻ አንዱን ነዋሪ አንደበቱ ተዘግቶ ይዘውት ይሄዳሉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1958 ነው የወጣው። ለንደን ላይ አንድ ሳምንት ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ተመልካቹ መቼ መሳቅ እንዳለበት ገና አልለመደም ነበር።

ይህን ዓይነት ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው ትልቁ ፈተናው አስተናጋጁን ሞኝ አለማድረግ ነው። ሞኝ ከሆነ እኛ ከላይ ሆነን እንስቅበታለን፣ ሳቁም ቀላል ይሆናል። ቢደርማን ግን ጋዜጣ ያነባል፣ ይጠረጥራል፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያዳምጣል። እንግዶቹም ብዙ አይደብቁትም። አይዘንሪንግ በግልጽ ይነግረዋል፤ ቀልድ ሦስተኛው መደበቂያ ነው፣ ሆድ የሚያባባ ወሬ ሁለተኛው፣ አንደኛው ግን እውነቱን መናገር ነው፤ ማንም አያምነውማ። ቢደርማን በዚያው ትዕይንት የፈንጂውን ማቀጣጠያ ገመድ ይዞ ያስለካል። ተዋናዩ ገመዱን ሲይዝ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ፊቱ ግን ፈገግ ሊል ይገባል። ሁለቱም እውነት ናቸውና።

በመጨረሻው ማታ እንግዶቹን ዝይ አስጠብሶ እራት ይጋብዛቸዋል። ወዳጅ ካደረኳቸው አይነኩኝም ብሎ ነው። ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑታል፤ ክብሪት። ይሰጣቸዋል። ሚስቱ ደንግጣ ክብሪት ሰጠሃቸው? ስትለው፣ በሙሉ ልብ ይመልስላታል፦ «የእውነት ቤት አቃጣይ ቢሆኑ ክብሪት አይኖራቸውም ነበር?»