ጃርት የምትመስለው ኢኪድና፦ ስለሷ የሚወሩ ስህተቶች

“ይቺ እኮ ጃርት ናት!”

ፎቶዋን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። አይፈረድበትም፤ እሾኋ ያሳስታል። በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የምትኖረው ኢኪድና ግን ከኛ ጃርት ጋር የረባ ዝምድና የላትም። ጃርት ከሷ ይልቅ ለላም፣ ለዝሆን፣ ለእኛም ጭምር ይቀርባል። የሷ የቅርብ ዘመድ ፕላቲፐስ የተባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ነው።

“እንቁላል ከጣለችማ አጥቢ አይደለችም”

እንቁላልም ትጥላለች፣ አጥቢም ናት። ነገሩ ሳይንቲስቶችንም ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1884 ቪልሄልም ሃከ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በአንዲት ኢኪድና ከረጢት ውስጥ እንቁላል አገኘና አዴሌድ ከተማ ላይ ለባልደረቦቹ አሳየ።

እናቲቱ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ እሱንም ሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ትይዘዋለች። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ እንቁላል አይሰበርም፤ ለስላሳ ነው። 10 ቀን ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። ግልገሉ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እናቱ የጡት ጫፍ ስለሌላት ወተቱ ከቆዳዋ ላይ ይመነጫል፤ እሱም እዚያው ተለጥፎ ይጠባል። እሾህ ማብቀል ሲጀምር ግን ከከረጢት ይባረራል። መቼስ ማን ሆዱን እየተወጋ ይኖራል? ጉድጓድ ውስጥ ትተወውና በየጥቂት ቀኑ እየተመለሰች ታጠባዋለች።

“የኋላ እግሯ ተሰብሯል”

አልተሰበረም። ወደ ኋላ መዞሩ ተፈጥሮዋ ነው፤ ስትቆፍር አፈሩን ለመግፋት ይመቻታል። አንዱ ረጅም ጥፍሯ ደግሞ በእሾኾቿ መሃል ለማከክ ነው።

“ሙቀት አትችልም”

የአየሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ካለፈ ትሞታለች ይባል ነበር። እርግጥ የሰውነቷ ሙቀት ከኛ ዝቅ ይላል፤ 32 ዲግሪ አካባቢ ነው። አታልብም፣ እንደ ውሻም አታለከልክም። ታዲያ ምን ታደርጋለች? የምዕራብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ ሲከታተሏት፣ ከአፍንጫዋ የንፍጥ አረፋ እያፈነዳች ጫፉን ስታረጥብ አዩ። እርጥበቱ ሲተን እዚያ የሚያልፈው ደም ይቀዘቅዛል። ንፍጥ እንዲህ ሙያ አለው ብሎ ማን ይገምታል?

“ወንዱ ባለ አራት ራስ ብልት አለው የሚባለው የኢንተርኔት ቀልድ ነው”

ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ደግሞ አራቱንም በአንዴ አይጠቀምም፤ ሁለት ሁለቱን እያፈራረቀ ነው።