ከገላ ላይ የሚነሣ ቅርጽ ምንድን ነው?

ቀራፂ ሰውን እያየ ሲሠራ የወደደውን ያጎላል፣ ያልወደደውን ይተዋል። ከገላ ላይ በሚነሣ ቅርጽ ግን ሥራውን የሚጀምረው ዓይን ሳይሆን ንክኪ ነው። ቆዳው ቫዝሊን ይቀባል፤ በውሃ የራሰ የጀሶ ፋሻ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚደረገው፣ በላዩ ይደራረባል። ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ለባለ ገላው ይሰማዋል። ከዚያ ቅርፊቱ ይወልቃል። ባዶው ውስጥ ጀሶ ወይም ሰም ሲፈስ የጉልበት ሽብሽብ፣ የከንፈር ስንጥቅ ሳይቀር ተቀርጾ ይወጣል።

ዘዴው ጥንታዊ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ እንደ ማጭበርበር ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ፈረንሳዊው ኦጉስት ሮዳን አንድ እርቃን ወጣት ቀርጾ ሲያሳይ «ከሰው ገላ ላይ የተነሣ ነው» ተብሎ ተከሷል። በእጁ እንደሠራው ለማስረዳት የሞዴሉን ፎቶግራፍ እስከ ማቅረብ ደርሷል።

ያ ነውር ወደ ሙከራ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሲጋል ከ1961 ጀምሮ በፋሻው ቅርፊት ውስጥ ምንም ሳያፈስ ቅርፊቱን ራሱን አቆመው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ የምናየው የፋሻው ሸካራ ውጪ ነው፣ የሰውየው ትክክለኛ መልክ ግን ከውስጥ በኩል ተደብቆ ቀርቷል። ፖላንዳዊቷ አሊና ሻፖችኒኮቭ ደግሞ ሙሉ ሰውነትን ትታ ከንፈርን የመሰሉ ክፍሎችን ብቻ በቀለማም ሬዚን (ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) አወጣች፤ ውስጡም አምፖል አበራችበት። እንግሊዛዊው ማርክ ክዊን በ1991 የራሱን ጭንቅላት ቅርጽ የሠራው ከገዛ ደሙ ነው፤ ወደ 4.5 ሊትር የሚሆን ደም ረግቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይኖራል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ይቀልጣል። የአንተኒ ጎርምሊ 100 የብረት ሰዎች፣ ሁሉም ከራሱ ገላ የተነሡ፣ በእንግሊዝ ክሮስቢ ዳርቻ ባሕሩን ትይዩ ቆመዋል፤ ማዕበል ሲሞላ ይውጣቸዋል፣ ሲጎድል ይመልሳቸዋል።

እንዲህ ያለ ፊት ስታዩ ዓይኑን ተመልከቱ። ጀሶ ዓይንን መንካት ስለሌለበት ሰውየው ጨፍኖ፣ ትንፋሹን በአፍንጫው ብቻ እየሳበ ነው የሚጠብቀው። ተገልጦ ካገኛችሁት ቀራፂው በኋላ በመሣሪያ ያበጀው ነው።